መዝገብ ላይ የሰፈረ ማመልከቻ

ወልቂጤ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ ሀብተወልድ፤ ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ የብርድ ልብስ ሱቁ፣ የሰው አገር ኑሮው እንዴት ነው? እኛ የጠበቀን አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። እናቴ ቡታጅራ ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከእሱ ወገን በየበዓሉ የሚጠይቀን እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ ዝምድናችን በአያት እህት በኩል የሚቆጠር ሩቅ መሆኑን ብዙ ጊዜ እረሳዋለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ሲደርስዎ እንዳይደነግጡ። በስልክ የማይወራ ነገር ስላለኝ ነው። ከቡታጅራ ወደ እናንተ የሚመላለሰው ነጋዴው ሙሀይሚን «ኢንሻአላህ እጅ በእጅ አደርስልሻለሁ» ስላለኝ ተማምኜ ጻፍኩ።

ሥራዬን ያውቁታል። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዤ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ የድንበር፣ የውርስ፣ የፍቺ። ከመስከረም ጀምሮ ግን አዲስ የጸጥታ መመሪያ ወጥቷል። ከአምስት ሰው በላይ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው። «የሕዝብን ጸጥታ የሚያናጋ ሐሳብ» ማሰራጨትም ያሳስራል። የትኛው ሐሳብ እንደሚያናጋ የትም ቦታ አልተጻፈም፤ አራት ጊዜ አንብቤ ፈልጌዋለሁ።

እዚሁ ወልቂጤ አጠገብ፣ ጉብሬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፍ እያነበቡ የሚወያዩ ሰዎች ነበሩ። አንድ ቀን «መንግሥትን መተቸት አገርን መጥላት ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሲከራከሩ አራቱ ተያዙ። ዛሬ ሃያ ስምንተኛ ቀናቸው ነው። ፍርድ ቤት አልቀረቡም።

ባለፈው ሰኞ ወይዘሮ ዓለምዘውድ ወደ ሥራ ክፍሌ ገቡ። ከጎንደር መጥተው እዚህ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ያንን የንባብ ማኅበር የመሠረቱ ሴት ናቸው። ቦርሳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አሳርፈው «ማመልከቻ ጻፊልኝ። አራቱ ልጆች ወይ ይከሰሱ ወይ ይፈቱ የሚል። ከፈራሽ ሌላ ጋ እሄዳለሁ፤ አልቀየምሽም» አሉኝ።

«ይቀመጡና ይንገሩኝ» አልኳቸው።

እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። ሲያልቅ ግን የሆነ ነገር የጎደለው መሰለኝና መጨረሻው ላይ ከራሴ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «ማሰብ ፈቃድ አይጠየቅበትም።» አንብቤ ሳሰማቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይኼን እኔ አላልኩም።»

«ላጥፋው?»

«እንዳትነኪው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቢያዩ ጋሼ፣ ልብዎ ይሞቅ ነበር። ከአምስት ሰው በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ፣ ከእኔ ጋር አምስት እንዲሆን ሰዉ አራት አራት እየሆነ መጣ። አራቱ ፈርመው ሲወጡ ሌሎች አራት ይገባሉ። አንድ ባጃጅ ነጂ ተሳፋሪዎቹን ይዞ መጥቶ ሁሉንም አስፈረመ። ጣቷን ቀለም ነክራ የፈረመች ጎመን ሻጭ «ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሳነብላት «እንደሱ ከሆነማ ሌላውንም ጣቴን ልጨምር» አለችኝ። በሦስት ቀን አራት መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ ሆነ። ትናንት ሐሙስ ከወይዘሮ ዓለምዘውድ ጋር ራሳችን ወደ ዞኑ አስተዳደር ወስደን ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ለወይዘሮ ሰርካለም በቀን ብርሃን አስረከብን። ቆጥራ ተቀበለችን፤ ማኅተምም አደረገችበት።

ከትናንት ጀምሮ መንገድ ላይ የምሄደው እየሮጥኩ ነው፤ እግሬ መሬት አይነካም። አባቴ «ሀብተወልድ ሕግ የተማረ ነው» ይል ነበርና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መመሪያ ከሕገ መንግሥት ይበልጣል እንዴ? ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የእናቴም ሰላምታ ይድረስዎ። በያሉበት ክፉ አይንካዎት።

ልጅዎ ኑኃሚን ሀብተጊዮርጊስ

*

ደርባን፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን።

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ካለሽበት ይድረስሽ። ለእናትሽም ጉልበት እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልኝ። እኔ ደኅና ነኝ።

ደብዳቤሽን ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ብርድ ልብስ ልትገዛ የመጣች ሴት ጠብቃ ጠብቃ ጥላኝ ሄደች። ስለ ጎመን ሻጯ ያልሽውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እንደዚያ ከሳቅኩ ቆይቻለሁ።

አሁን ግን ስሚኝ። የጠየቅሽኝን የሕግ ጥያቄ ለጊዜው ተዪው፤ የሚቀድም ነገር አለ። ይጠሩሻል። ሲጠሩሽ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ማን እንዳሰበው። አንቺ «ባለጉዳይ ያለኝን ነው የጻፍኩት፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ» በዪ። ከዚያ አንዲት ቃል አትጨምሪ። እንዲህ የሚል ጸሐፊ አብዛኛውን ጊዜ ይለቀቃል።

ሁለተኛ፣ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጅሽ ካለ ዛሬውኑ ከክፍልሽም ከቤትሽም አውጥተሽ አስቀምጪው። የገቢ ቁጥሩን በቃልሽ ያዢ። ለምን እንደምልሽ አትጠይቂኝ።

ሦስተኛ፣ ፓስፖርት አውጪ። ወጪው በእኔ ነው። እዚህ ሱቅ ላይ ታግዢኛለሽ፤ እስኪረጋጋ ድረስ ነው። አባትሽ ቢኖር የሚልሽ ይህንኑ ነበር።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ።

ሀብተወልድ

*

ወልቂጤ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሀብተወልድ።

እንደምን ከረሙ? እኔ በጣም ደኅና ነኝ፤ ይህንን አስቀድሜ የምነግርዎት ቀጥሎ የማወራው እንዳያስደነግጥዎ ነው። ታስሬ ተፈታሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከተያዝኩ በኋላ ነው። ኅዳር 19 ጧት ክፍሌን ስከፍት አራት ሰዎች መጡ። ኮምፒውተሩን፣ ወረቀቶቼን ሁሉ፣ ማኅተም ያለበትንም ቅጂ ወሰዱ። ከእኔ ጋር ወይዘሮ ዓለምዘውድንም አሰሯቸው፤ እሳቸውን ግን የስኳር ሕመማቸው ስለተነሣባቸው በሦስተኛው ቀን ለቀቋቸው።

የመረመረኝ ሰው ቁጣ አላበዛም። ማመልከቻውን ገልብጦ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ ከበባት።

«ይህችን ማን ጻፋት?»

«እኔ።»

«መተየቡን አይደለም የምጠይቅሽ። ማን አላት?»

«እኔ አልኳት። እኔ ጻፍኳት።»

«ተመልከቺ እህቴ፣ አሮጊቷ ናቸው ያሉሽ። እንደሱ ካልሽ ዛሬ ማታ ቤትሽ ታድሪያለሽ።»

«እሳቸው ያሉት ከዚያ በላይ ያለውን ነው። ይህችኛዋ የእኔ ናት» አልኩት።

ጋሼ፣ የእርስዎ ምክር ቀድሞ ቢደርሰኝ እንኳ እንደዚያ ማለት የምችል አይመስለኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ቃል ስጽፍ ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን አንድ መስመር ጻፍኩ። እሷንም የእኔ አይደለችም ልበል?

አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ክፍሉ ውስጥ ሰባት ሴቶች ነበርን። ማመልከቻ ጸሐፊ መሆኔን ሲያውቁ አንዷ ዘበኛዋን ለምና ወረቀት አስመጣች። እንዲህ ዓይነት ሥራ ውጭም ሠርቼ አላውቅም። ለአንዷ የዋስትና፣ ለአንዷ የልጅ ቀለብ፣ ለሌላዋ ያለ ክስ ስድስት ሳምንት መቀመጧን የሚያስረዳ ጻፍኩ። ይህችኛዋ ባምስተኛው ቀን ተጠርታ ወጣች። ስትወጣ እኛ ግድግዳውን በእጃችን እየመታን ሸኘናት፤ ጣቶቼ እስካሁን ያሙኛል፤ ደስ የሚል ሕመም ነው።

በእናቴ ወንድም ዋስነት ወጣሁ። ክሱ ግን ቀርቦብኛል፦ «ሕዝብን ለሁከት የሚያነሣሣ ጽሑፍ በድብቅ በማሰራጨት።» ቀጠሮው መጋቢት 12 ነው። ጠበቃ አግኝቻለሁ፤ ጉዳዩ ሁሉ «በድብቅ» የምትለው ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው ይላል። በግልጽ ያስገባነው መሆኑን የሚያሳየው ቅጂ ደግሞ እነሱ እጅ ነው፤ «እንዲህ ያለ ወረቀት አላገኘንም» ይላሉ። የቀረው የመዝገብ ቤቱ የገቢ መዝገብና ወይዘሮ ሰርካለም ናት። ቤቷ ሄጄ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ «ሁለት ልጆች ብቻዬን ነው የማሳድገው። ባንቺ አምላክ፣ ስሜን አታንሺ» አለችኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። ቅጂውን አውጥተሽ አስቀምጪ፣ ቁጥሩን በቃልሽ ያዢ ብለው የጻፉልኝ እኔ ከመያዜ በፊት ነው። እንደሚያስፈልገኝ እንዴት አወቁ?

ፓስፖርቱን ስላሰቡልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አልሄድም።

ኑኃሚን

*

ደርባን፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን።

መታሰርሽን ስሰማ እዚህ ያለው ቀን ጨለመብኝ፤ መፈታትሽን ቀጥዬ ባላነበው ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ።

መልሴ የዘገየው መንገደኛ ጠፍቶ አይደለም። ሙሀይሚን ሁለት ጊዜ ሱቄ ድረስ መጥቶ «መልሱ አልተጻፈም እንዴ?» ብሎኝ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ። የጻፍኩትን እቀድ ነበር። ይህኛውን አልቀድም።

አባትሽ ሕግ የተማረ ነው ያለሽ እውነት ነው። ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። እዚህ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በብርድ ልብስ ነጋዴነቴ ነው።

በ1998 ዓ.ም. አንድ የኬሚስትሪ መምህር ተከሶ ፋይሉ ለእኔ ተሰጠኝ። ስሙ ባልቻ ነው፤ የቡታጅራ ልጅ። ሦስት መምህራን ታስረው ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ስለቆዩ «ይቅረቡ» ብሎ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። እኔ ያዘጋጀሁት ክስ «ሕዝብ የሚያነሣሣ ጽሑፍ በድብቅ አሰራጭቷል» ይላል። አንቺ ላይ የቀረበው ክስ ቃሉ ሳይቀር አንድ ነው፤ ሳነበው የራሴን የእጅ ጽሑፍ ያየሁ መሰለኝ።

ባልቻ ችሎት ፊት «በድብቅ አይደለም፤ ለመሥሪያ ቤቱ ገቢ አድርጌዋለሁ» አለ። ማስረጃ የለውም ተብሎ ታለፈ። ማስረጃው ነበረ፤ ልጄ። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከፖሊስ ፋይል ጋር መጥቶ እኔ ዘንድ ነበር። አለቃዬ «ይህ ወረቀት ለማንም አይጠቅምም» አለኝ። የተናገረው ይህንን ብቻ ነው። አላስፈራራኝም፣ አልመታኝም። እኔም ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ቆለፍኩበት። ባልቻ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ፍርዱ ሲነበብ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

ከሦስት ዓመት በኋላ አገር ለቅቄ ወጣሁ። ለሰው የማወራው ነግጄ ልለወጥ መጣሁ እያልኩ ነው። አንቺንም ውጪ፣ ነይ ያልኩሽ የማውቀው መንገድ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ጠበቃሽ የገቢ መዝገቡ ራሱ ችሎት እንዲቀርብ ትእዛዝ ይጠይቅ፤ ቅጂ ሳይሆን ዋናው። የቀኑን መስመርና ከላይና ከታች ያሉትን መስመሮች ያስነብብ። መዝገብ በመካከል ሊጨመርበት አይችልም፤ ዐቃቤ ሕግ ከምስክር ይልቅ የሚፈራው እሱን ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ባልቻ በሕይወት ካለ ፈልጊው። የጻፍኩልሽን ንገሪው። ይቅር በለው ብለሽ እንዳትለምኚልኝ። ደብዳቤው እንደነበረ ብቻ ይወቅ።

ይህን ካነበብሽ በኋላ ጋሼ ብለሽ መጥራት ቢከብድሽ አልፈርድብሽም።

ሀብተወልድ

*

ወልቂጤ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሀብተወልድ።

ሰላም ይሁኑልኝ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን በጣም ተናድጄብዎት ነበር፤ አልደብቅዎትም። በሦስተኛው ቀን ቡታጅራ ሄድኩ።

መምህር ባልቻን ማግኘት አልከበደኝም። ከእስር ሲወጣ የሚቀጥረው ትምህርት ቤት ስላላገኘ ገበያው አጠገብ የበርበሬ ወፍጮ ቤት ከፍቶ ይኖራል። ስገባ ቤቱ በብናኝ ቀልቷል፤ ሁላችንም እያስነጠስን ነው። ማን እንደላከኝ ስነግረው ወፍጮውን አጠፋ።

ደብዳቤዎን አላነበብኩለትም፤ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ በርበሬው ይሁን ሌላ አላወቅኩም፤ የእኔም ሞልቶ ነበርና።

«መሳቢያ ውስጥ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«እዚያ እስር ቤት አብረውኝ የነበሩ ሰዎች 'አስገብተኸው ቢሆን አይጠፋም ነበር' ይሉኝ ነበር። ባለቤቴም አንድ ቀን 'እርግጠኛ ነህ?' አለችኝ። ሁለተኛው ዓመት ላይ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። አእምሮዬ ይሆን እንዴ የፈጠረው እያልኩ...» ንግግሩን ተወውና ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ያውቃሉ? ሳቀ። አንድ ሰው የጠፋበትን ልጅ ሲያገኝ የሚስቀውን ዓይነት ሳቅ ሳቀ። «ነበረ» አለ። «ነበረ፣ ነበረ።» ሚስቱን ከጓሮ ጠርቶ «ነይ ስሚ፤ ነበረ» አላት።

ስለ ይቅርታ አንሥቶ አልተናገረም። አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦ «ደብዳቤ ለዘመድ የሚጻፍ ነው። በሙሉ ስሙ ይጻፈው፣ ይፈርምበት፣ ኤምባሲ ማኅተም ያሳርፍበት። ያኔ ጉዳዬ እንደገና እንዲታይ አመለክታለሁ።»

ስለ እኔ ጉዳይም ጠየቀኝ። የወይዘሮ ሰርካለምን መፍራት ስነግረው «አትለማመጫት፤ አታስጨንቂያት። የእኔን ነገር ንገሪያትና ተነሥተሽ ውጪ» አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። ማምሻውን ቤቷ ሄጄ ስለ መምህር ባልቻና ስለዚያ መሳቢያ ነገርኳት። ስምዎን አልጠራሁም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስወጣ «የስንት ዓመት ሰው ነው አሁን?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ኀምሳ ስምንት አልኳት።

መዝገቡ እንዲቀርብ ጠበቃዬ አመልክቶ ትእዛዝ ወጥቷል። ቀጠሮው ሊደርስ ነው። እፈራለሁ፤ ግን ፍርሃቱ እንኳ የሚያስሮጥ ዓይነት ነው፣ አያስቀምጠኝም።

ጋሼ ማለት አልከበደኝም። አስቤበት ነው የጻፍኩት።

ኑኃሚን

*

ደርባን፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን።

ሰላምሽ ይብዛ። ይህ ሲደርስሽ ፍርዱ አልፎ ይሆናል፤ በሰላም ያሳልፍሽ ብዬ ከልቤ ለምኛለሁ።

«ነበረ» ያለውን ሳነብ ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ። ባሕሩ ዳር ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሊሰድበኝ፣ ሊረግመኝ ይችላል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለደስታው አልተዘጋጀሁም። አንድ ሰው የራሱን ትዝታ እንዲያምን ለማድረግ የእኔ አንድ ገጽ ይበቃ ኖሯል፤ እኔ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያዝኩበት።

ማግስቱን አውቶቡስ ተሳፍሬ ፕሪቶሪያ ሄድኩ። ኤምባሲው በር ላይ ፓስፖርት የሚያሳድሱ ልጆች ተሰልፈው ነበር። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ወጣት ወረቀቴን ተቀብላ አነበበችው፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ ይህንን በራስዎ ላይ ነው የሚመሰክሩት። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

«ማንም ሳያስገድድዎት?»

«ያስገደደኝስ ያን ጊዜም አልነበረም» አልኳት።

ማኅተሙን ስታሳርፍ ድምፁ ደረቴ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ከዚያ ስወጣ፣ ብታምኚኝም ባታምኚኝም፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ነበር የወረድኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ።

አንድ የሕግ ሰው አማክሬያለሁ። ይህ ወረቀት አገር ቤት ከገባ ተመልሶ ሊያስከስሰኝ እንደሚችል ነግሮኛል። አመስግኜው ወጣሁ። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሙሀይሚን ይዞታል። በእጁ ለባልቻ ስጪው።

የመጋቢት 12ን ወሬ በጉጉት እጠብቃለሁ።

ሀብተወልድ

*

ወልቂጤ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሀብተወልድ።

እንኳን ደስ ያለን። ከየት እንደምጀምር ቸግሮኛል፤ እንዲያው በተርታ ልንገርዎት።

በዕለቱ ችሎቱ ሞልቶ ሰው በመስኮት ነበር የሚያየው። ዳኛዋ ቁጭ እንዳሉ «የገቢ መዝገቡ ቀርቧል?» ብለው ጠየቁ። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ መዝገቡ ተፈልጎ ለጊዜው ሊገኝ አልቻለም» አለ። ጠበቃዬ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ እጄን በእጄ ይዤ ቆምኩ። እናቴ ከኋላ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

መከላከያ ምስክር አለ ወይ ተባለ። ጠበቃዬ የወይዘሮ ሰርካለምን ስም ጠራ፤ መጥሪያ ደርሷት ነበር፣ ትመጣለች ብለን ግን ማናችንም አላመንንም። ሁለተኛ ጊዜ ተጠራ። ያኔ ከበሩ አካባቢ ሰዉን እየገፋች ገባች። የሥራ ልብሷን ለብሳለች፤ ከቢሮ በቀጥታ ነበር የመጣችው። ማለች።

«ይህን ማመልከቻ ተቀብለሻል?»

«ተቀብያለሁ። ሐሙስ፣ ጥቅምት 7፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ። ሁለት ሴቶች ናቸው ያመጡት። ገጹን ቆጥሬ ቁጥር ሰጥቼ ማኅተም አድርጌበታለሁ።»

«መዝገቡ ጠፍቷል ተብሏል።»

«አልጠፋም» አለች። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ከመደርደሪያዬ ተወሰደ። አለቃዬ ቢሮ ነው፤ በስተቀኝ ያለው ሁለተኛው መሳቢያ።»

ጋሼ፣ መሳቢያ ስትል ዞር ብዬ መምህር ባልቻን አየሁት። ከቡታጅራ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቶ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ ቆመ፤ ዘበኛው «ይቀመጡ» ቢለው አልሰማውም።

ዳኛዋ ችሎት ሳያነሡ ሬጅስትራሩንና አንድ ፖሊስ ላኩ። አርባ ደቂቃ ጠበቅን፤ አንድም ሰው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። መዝገቡ መጣ። ያለበትን ሥፍራ ማንም ሊክድ አልቻለም። እርስዎ እንደመከሩት ጠበቃዬ ከላይም ከታችም ያሉትን መስመሮች አስነበበ፤ ከላይ የአንድ ድርጅት የውኃ ጥያቄ፣ ከታች የጡረታ ጉዳይ፣ መካከል ላይ የእኛ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች። ዳኛዋ «በግልጽ ለሚመለከተው አካል የቀረበ አቤቱታ በድብቅ የተሰራጨ ጽሑፍ ሊሆን አይችልም። ጸጥታን ለማስከበር የወጣ መመሪያም አቤቱታ ማቅረብን ወንጀል አያደርግም» ብለው በነጻ አሰናበቱኝ። በጥቅምት ስለ መመሪያና ስለ ሕገ መንግሥት የጠየቅኩዎት ጥያቄ መልሱ ይህ መሰለኝ።

እናቴ ስላቀፈችኝ ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላየሁም። ወይዘሮ ዓለምዘውድ «ነጥብሽ መቶ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ከአምስት ቀን በኋላ አራቱ ልጆችም ተፈቱ። ቅዳሜ ጉብሬ ላይ ለመሰብሰብ ፈቃድ ጠየቅን፤ ተከለከልን፤ ስለዚህ አራት አራት ሆነን ተቀምጠን አነበብን። መመሪያው አሁንም አለ፤ እኛም አለን።

ያሳዘነኝን ልጨምርልዎ። ወይዘሮ ሰርካለምን በሳምንቱ ራቅ ወዳለ ሌላ ቦታ አዛወሯት። ልጆቿ እስከ ክረምት ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ ወይዘሮ ዓለምዘውድ ቤታቸው ወስደዋቸዋል። የዝውውር ይግባኟን እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ክፍያ አልተቀበልኳትም፣ እሷም አልለመነችኝም።

ወረቀትዎን ለመምህር ባልቻ በእጁ ሰጠሁት። ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰው። አመልክቷል፤ ተቀባይነት አግኝቶ ለሚያዝያ 28 ተቀጥሮለታል። ጠበቃው ግን ፊርማ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሰውየው ራሱ ቀርቦ ቢመሰክር እንደሚሻል ነግሮታል። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በስምዎ የወጣ መጥሪያ አለ። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ይምጡ አልልዎትም። አይምጡም አልልዎትም። መምህር ባልቻ እንድጽፍልዎ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ያን ቀን ዞሬ ያየሁት ዓይኑን ነበር። አሁንም ማየት የምፈልገው እሱን ነው።»

ኑኃሚን

*

ደርባን፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን።

እንኳን ነጻ ወጣሽ። ደብዳቤሽን ለጎረቤቴ ሱቅ ባለቤት በእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ አነበብኩለት፤ ለሰርካለም ሲል ተነሥቶ ቆመ።

ትኬት ቆርጫለሁ። ሚያዝያ 24 እገባለሁ። ሱቁን ለሙሀይሚን ትቼለታለሁ፤ ብመለስ እቀበለዋለሁ፣ ባልመለስ የእሱ ይሁን። ሰዎች ሊይዙኝ ይችላሉ ይሉኛል። ይሆናል። ሻንጣዬን ስሸክፍ ግን እጄ እንደ ሙሽራ እጅ ይቸኩላል፤ የሚያስቀው ይህ ነው።

ቦሌ የሚቀበለኝ ሰው እንዳይመጣ፤ ለእናትሽም እስክደርስ አትንገሪያት። ቡታጅራ መናኸሪያ ስወርድ ግን አንቺ ብትኖሪ ደስ ይለኛል። ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ታሳዪኛለሽ፤ ከበሩ ስንደርስ ትመለሻለሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ችሎት ፊት ከመናገሬ በፊት ለእሱ ራሴ እናገረዋለሁ።

ሀብተወልድ